የኦልሰን ቡድን፦ የዴንማርክ የወንጀል ኮሜዲ በውክልና ሚዛን ሲመዘን

የቆየ የአውሮፓ ፊልም በዛሬ ዓይን ሲታይ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ነጭ ያልሆነ ሰው የት አለ?» የሚል ነው። ዴንማርካውያን ከልጅ እስከ ሽማግሌ ቃል በቃል በሚያውቋቸው የኦልሰን ቡድን ፊልሞች ላይም ይኸው ጥያቄ ይነሳል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን ብዙዎች እንደሚጠብቁት አጭር አይደለም። ከዚህም በላይ የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ጉድለት ያለው ሌላ ቦታ ነው። እሱን ለማግኘት በፊልሙ ውስጥ የሌለውን ሰው ከመፈለግ በፊት ያለችውን አንዲት ሴት ማየት ያስፈልጋል። ኢቮን ትባላለች።

ፊልሞቹን ላላየ አንባቢ መሠረታዊውን እናስቀድም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ1968 እስከ 1981 ባሉት ዓመታት 13 ፊልሞች ተሠሩ፤ 14ኛው በ1998 ወጣ። የመጀመሪያዎቹን 13 የመራው ኤሪክ ባሊንግ ሲሆን ከሄኒንግ ባስ ጋር ሆኖ ጽፏቸዋል። ያዘጋጃቸው በ1906 የተቋቋመውና ስቱዲዮው በኮፐንሃገን ቫልቢ ሰፈር የሚገኘው ኖርዲስክ ፊልም ነው። ቡድኑ ሦስት ወንዶች አሉት። ኤጎን ኦልሰን (ተዋናዩ ኦቬ ስፕሮጎ) ክብ ባርኔጣ አድርጎ ሲጋር የሚያጨስ የካዝና ሰባሪ ነው። ቤኒ (ሞርተን ግሩንቫልድ) ካልሲው እስኪታይ ያጠረ ሱሪ የሚለብስ ሾፌር ነው። ኬል (ፖል ቡንድጎርድ) ደግሞ ፈሪ፣ ቦርሳውን የማይለቅ የቤተሰብ አባወራ ነው። ኢቮን (ኪርስተን ቫልተር) የኬል ሚስት ናት።

የአብዛኞቹ ፊልሞች አካሄድ አንድ ነው። ኤጎን ከቭሪድስሎሰሊለ እስር ቤት ይፈታል፤ ቤኒና ኬል በር ላይ ይቀበሉታል። ኬል ቤት ገብተው ቢራ እየጠጡ ኤጎን «ዕቅድ አለኝ» ይላል። ዕቅዱ እስከ ሰከንድ ድረስ የተሰላ ነው፤ የሚያስፈልጉት ዕቃዎችም እዚህም እዚያም የሚገኙ ተራ ነገሮች ናቸው። ስርቆቱ ይሳካል። ከዚያ በአንድ ተራ ስህተት፣ በአንዱ ግድየለሽነት ወይም ከእነሱ በሚበልጥ ባለሀብት ሌባ ምክንያት ሁሉም ነገር ይበላሻል፤ ኤጎንም ተመልሶ እስር ቤት ይገባል። ይህን ቅርጽ ያዙልኝ። የውክልናው ጉዳይ (ማን በፊልሙ ይታያል፣ እንዴትስ ይታያል የሚለው) በሙሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፦ በዚህ ዓለም ውስጥ አንድን ገጸ ባሕርይ ሰው የሚያደርገው የራሱ ዕቅድ ያለው መሆኑና ዕቅዱም በራሱ ጠባይ ምክንያት መክሸፉ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። በ1980 የዴንማርክ ሕዝብ 5.1 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ ስደተኞችና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው 153 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 3 በመቶ ያህል ነበሩ። የዚህም ትልቁ ክፍል ከሌሎች የስካንዲኔቪያ አገሮች፣ ከምዕራብ ጀርመንና ከመሳሰሉት የመጣ ነው። የዴንማርክ ስታቲስቲክስ «ምዕራባውያን ያልሆኑ» ከሚላቸው አገሮች የመጡት ወደ 1 በመቶ ቢሆኑ ነው። ዛሬ ስደተኞችና ልጆቻቸው በጠቅላላ ወደ 16 በመቶ ደርሰዋል። የዛሬውን 16 በመቶ ይዞ የ1972ን ፊልም የሚመዝን ሰው ፊልሙን አይመዝንም፤ የሁለት ዘመን ሕዝብ ቆጠራ ነው የሚያወዳድረው።

ያም ሆኖ ቁጥሩ ፊልሙን ሙሉ በሙሉ ነጻ አያወጣም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የዴንማርክ ፋብሪካዎች ሠራተኛ አጥሯቸው ስለነበር ከቱርክ፣ ከዩጎዝላቪያና ከፓኪስታን ብዙ ወንዶች ለሥራ መጡ። መንግሥት በሩን የዘጋው በኅዳር 1973 ነው፤ ከዚያ በኋላ በዋናነት የመጡት ቤተሰቦቻቸው ናቸው። ይህ ዘመን ከኦልሰን ቡድን ዘመን ጋር አንድ ነው። የገቡባቸው ሰፈሮችም ፊልሞቹ የሚያሳዩት ዓይነት የሠራተኛ ሰፈሮች ናቸው፦ ቬስተርብሮ፣ ኖሬብሮ፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ አዲስ የተሠሩት እነ አልበርትስሉንድና ኢሾይ። ባሊንግና ባስ ስለ ከተማቸው ጥቃቅን ነገር ሁሉ የሚጠነቀቁ ሰዎች ነበሩ፤ የቢራ ሳጥኑ፣ የባቡር ጣቢያው፣ የወደቡ ክሬን ሁሉም በቦታው አለ። ከፋብሪካው በር የሚወጣው አዲሱ ሠራተኛ ግን ከዋና ገጸ ባሕርያቱ ተርታ የለም። በሕዝብ ቁጥር ረገድ ትንሽ ቢሆንም በእነዚህ ሰፈሮች ረገድ ጎልቶ የሚታይ ጉድለት ነው።

አልበርትስሉንድ የተጠቀሰችው በምክንያት ነው። ኤጎን የሚወጣበት ቭሪድስሎሰሊለ እስር ቤት የሚገኘው እዚያ ነው። በ1859 የተከፈተው ይህ እስር ቤት ለመደበኛ እስረኞች ከተዘጋ በኋላ በ2016 የውጭ ዜጎች ማቆያ ሆነ። ጥገኝነት ጠያቂዎችና ከአገር እንዲወጡ የተወሰነባቸው ሰዎች ነበሩ በውስጡ የተያዙት። ዴንማርካውያን ከኤጎን ጋር አያይዘው የሚስቁለት በር ሌላ ዓይነት ሰው የሚዘጋበት በር ሆነ ማለት ነው። ፊልሞቹን ዛሬ የሚያሳይ ሰው ይህን ለተመልካቹ ቢነግር ብዙ የውክልና ንግግሮች የማያደርጉትን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሠራል።

ግሪንላንዳውያንም አሉ። ግሪንላንድ የዴንማርክ ቅኝ ግዛትነቷ ያበቃው በ1953 ሲሆን ከዚያ ወዲህ ብዙ ግሪንላንዳውያን ለትምህርትና ለሥራ ኮፐንሃገን ገብተዋል። የዴንማርክ ዜጎች ስለሆኑ ከላይ በጠቀስነው የስደተኞች ቁጥር ውስጥ አይገቡም፤ የስደተኛ ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ የሚቆጥር ሰው ገና ከመነሻው ያጣቸዋል። ባሊንግ ደግሞ ያውቃቸው ነበር። በ1956 ግሪንላንድ ድረስ ሄዶ የቀረጸው «ኪቪቶክ» ለኦስካር ታጭቷል። እናም እነዚህ ሰዎች በኮፐንሃገኑ ኮሜዲ ዋና ገጸ ባሕርያት ውስጥ አለመኖራቸውን «ዳይሬክተሩ አያውቃቸውም ነበር» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ግሪንላንድ የድራማ ቦታ ሆና ተቀመጠች፤ የከተማው ቀልድ ለከተማው ነጭ ሠራተኛ ብቻ ተተወ። ለእኛ ከፋብሪካው ሠራተኛ መጥፋት የበለጠ የሚቆረቁረው ይህ ነው።

በአንጻሩ በተከታታዩ ታሪክ ውስጥ እጅግ የተወደደው ትዕይንት የቆመው በአንድ ስደተኛ ሥራ ላይ ነው። በ1976ቱ «ኦልሰን-ባንደን ሴር ሮት» ፊልም ቡድኑ በንጉሣዊው ቲያትር ምድር ቤት ግድግዳ እያፈረሰ ያልፋል፤ ላይ ኦርኬስትራው የ«ኤልቨርሆይ»ን መክፈቻ ሙዚቃ ይጫወታል። መዶሻው፣ መሰርሰሪያውና ፈንጂው ከሙዚቃው ምት ጋር እኩል ይወርዳሉ፤ ላይ ያለው ታዳሚ ምንም አይሰማም። «ኤልቨርሆይ» በ1828 የቀረበ የዴንማርክ ብሔራዊ ተውኔት ነው። ሙዚቃውን ያዘጋጀው ፍሪድሪክ ኩላው ግን ጀርመን ውስጥ ኡልሰን በምትባል ከተማ የተወለደ፣ በ1810 ከናፖሊዮን ጦር ምልመላ ሸሽቶ ከሃምቡርግ ኮፐንሃገን የገባ ሰው ነው። የዴንማርክን ዜግነት ያገኘው በ1813 ነው። ፊልሙ ስለዚህ አንድ ቃል አይልም፤ ማለትም አይጠበቅበትም። ስለ ብዝኃነት የሚጽፍ ሰው ግን ቢያልፈው ያሳዝናል።

አሁን ወደ ኢቮን። የኬልን ሳሎን አስቡት። ሦስቱ ወንዶች ተቀምጠው ኤጎን ዕቅዱን ይዘረዝራል። ኢቮን ከወጥ ቤት ትገባለች፣ ትወጣለች፣ እንደገና ትገባለች። በገባች ቁጥር አንድ ነገር ትጠይቃለች፦ ገንዘቡ መቼ ነው የሚመጣው? ስንት ነው? ለዕረፍት ወደ ማዮርካ ደሴት የምንሄደው መቼ ነው? ባለፈው ጊዜ እንዲህ ብላችሁ ምን ሆነ? ጥያቄዎቿ ሁሉ ትክክል ናቸው። ኤጎንን ፊት ለፊት «አልተሳካልህም» የምትለው እሷ ናት። ሆኖም ፊልሙ ትክክለኛ ጥያቄዋን እንደ ጭቅጭቅ እንድንሰማው አድርጎ ነው ያቀናበረው፤ ድምጿ ከፍ ይላል፣ ኬል አንገቱን ይደፋል፣ ተመልካቹ ይስቃል፣ ሦስቱ ተነስተው ይወጣሉ። ኪርስተን ቫልተር ይህን ሚና የተጫወተችው በሚያስደንቅ ፍጥነትና ሰዓቱን በጠበቀ አነጋገር ነው። ተዋናይቷ ከተሰጣት ጽሑፍ በጣም ትበልጣለች።

ይህ የዘመኑ ልማድ ነው የሚባለው መከላከያ እዚህ ላይ አይሠራም። ለስደተኞቹ የ1 እና የ3 በመቶ ክርክር ነበረን፤ ለሴቶች እንዲህ ያለ ክርክር የለም፣ የሕዝቡ ግማሽ ናቸው። ዘመኑም ቢሆን ጸጥ ያለ አልነበረም። «ቀይ ካልሲዎች» የተባለው የሴቶች ንቅናቄ በኤፕሪል 1970 በኮፐንሃገን ዋና የገበያ መንገድ ላይ ሰልፍ ወጣ። በ1973 ሴቶች እስከ 12ኛው ሳምንት ጽንስ የማቋረጥ መብት በሕግ አገኙ። በ1976 የእኩል ክፍያ ሕግ ወጣ። በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ ያገቡ የዴንማርክ ሴቶች በብዛት ከቤት ውጭ ሥራ ገቡ፤ የሠራተኛ ሰፈር ሴቶችም ከሁሉ ቀድመው ነበሩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኢቮን በየፊልሙ በአብዛኛው እዚያው ሳሎን ስትሆን፣ በእውነተኛው ቫልቢ የምትኖረው ጎረቤቷ ግን ጠዋት ልጇን መዋዕለ ሕፃናት አድርሳ ወደ ሥራ የምትሄድ ሴት ናት። ፊልሙ ዘመኑን አላንጸባረቀም፤ ከዘመኑ ወደ ኋላ ቀርቷል።

ነገሩን በጣም ከባድ የሚያደርገው ግን ሳሎን ውስጥ መቀመጧ አይደለም፤ ኬልም ቢሆን ቤቱን የሚወድ ሰው ነው። ችግሩ ኢቮን የራሷ ዕቅድ የሌላት መሆኑ ነው። ኤጎን ባለ ዕቅድ ነው፣ በዕቅዱም ይወድቃል። ቤኒ ይቸኩላል፣ በመቸኮሉ ይወድቃል። ኬል ይፈራል፣ በመፍራቱ ይወድቃል። ሦስቱንም የምንወዳቸው በውድቀታቸው ነው። ኢቮን በራሷ ስህተት የምትወድቅበት መንገድ አልተሰጣትም፤ የእነሱ ውድቀት ብቻ ነው የሚደርስባት። ለዚህ ነው ተመልካች ሲያድግ ለሦስቱ ያለው ፍቅር ሳይቀንስ ለኢቮን ያለው ስሜት የሚሻክረው። በዕድሜ የገፉ ተመልካቾች ደግሞ እሷ ትክክል እንደነበረች ዘግይተው ያስተውላሉ።

ፊልሞቹ ያሳኩት ውክልና መደብ ነው። ሦስቱ ምንም የሌላቸው ሰዎች ናቸው፤ ካዝናውን የሚዘርፉበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብዮርን ዋት-ቦልሰን የሚጫወተው፣ ሱፍ የለበሰ የኩባንያ ዳይሬክተር ነው። የዳይሬክተሩ ጉልበተኛ፣ ኦቬ ቬርነር ሃንሰን የሚጫወተው ግዙፍ ሰውዬ፣ ራሱ ከታችኛው መደብ የመጣ ታዛዥ ነው። መርማሪው የንሰን (አክሰል ስትሮብየ) ለወጣቱ ረዳቱ ደጋግሞ የሚያስተምረው ትልልቆቹ ሌቦች እንደማይነኩ ነው። ኤጎን ተናዶ ጓደኞቹን የሚሰድበው ረጅም ስድብም («ቅማላም አማተሮች» የሚለው ከሁሉ የታወቀው ነው) በአብዛኛው የሚያነጣጥረው ሙያንና ችሎታን ነው። ምስራቅ ጀርመናውያን ፊልሞቹን እንደ ራሳቸው የወደዷቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከታች ያለ ሰው በታላቅ ጥበብ ከላይ ያለውን ሲገዳደር ማየት ትርጉም ሳያስፈልገው ይገባል።

እንዲህ ያለውን ፊልም ራሱ መመርመር ለሚፈልግ፣ ለክፍል ተማሪዎችም ሆነ ለፊልም ክበብ፣ የሚከተለው አሠራር ይጠቅማል። ፊልሙ 100 ደቂቃ ያህል ስለሆነ በየ10 ደቂቃው ይከፋፈል። በመጀመሪያው ዙር ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ሁሉ ይመዝገብ፦ ስም አለው ወይስ «አስተናጋጅ» ነው? ሥራው ምንድን ነው? የሚፈልገው ነገር አለ? የፈለገውን ለማግኘት የሚያደርገው ነገርስ? ታሪኩ ሲያልቅ ምን ይሆናል? እነዚህ አምስት ዓምዶች ይበቃሉ። ብዙ ሰው ሠንጠረዡን የሚያበላሸው የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን ዓምድ ብቻ ሞልቶ «ሴት፦ 4፣ ወንድ፦ 19» ዓይነት ድምር ይዞ ስለሚሄድ ነው። ውሳኔው ያለው አራተኛው ዓምድ ላይ ነው። ኢቮን ሦስተኛውን ትሞላለች፤ ማዮርካን ትፈልጋለች። አራተኛው ባዶ ይቀራል።

በሁለተኛው ዙር ድምፁ ይጥፋና ምስሉ ብቻ ይታይ። ማን ይቀመጣል፣ ማን ይቆማል፣ ካሜራው ማንን ይከተላል የሚለው ያኔ ይለያል። ሦስተኛው ዙር ለመንገዱ ነው፤ ከዋናዎቹ ጀርባ ያለው አላፊ አግዳሚ፣ ፋብሪካው፣ ገበያው። ያ ትውልድ ስደተኛ በፊልም የተያዘው፣ ከተያዘ፣ ሳይታሰብበት ከጀርባ በማለፍ ነውና ዓይን እዚያ ላይ መቆየት አለበት።

አሊሰን ቤክደል በ1985 በሥዕላዊ ቀልድ ያስተዋወቀችው መለኪያ (ሁለት ሴቶች ከወንድ ውጭ ስላለ ነገር እርስ በርስ ያወራሉ ወይ?) ለዚህ ሥራ ደካማ መሣሪያ ነው። ዋናዋ ሴት አንድ በሆነችበት ፊልም መውደቁ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ቢያልፍ እንኳ፣ ኢቮን ለአንዲት ጎረቤት ስለ መጋረጃ አንድ ነገር ተናግራ ቢያልፍ፣ ምንም አልተለወጠም። ሌላው ወጥመድ የድምፅ ቅጂ ነው። በ1971 ቡድኑ የዴንማርክ ምዕራባዊ ክፍል ወደሆነው ዩላንድ ሄዶ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ምሽጎችን በሚያስስበት ፊልም ውስጥ የኮፐንሃገንና የገጠር ሰው ልዩነት የሚታወቀው በአነጋገር ዘዬ ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲዞር ዘዬው ይጠፋል፤ ተመልካቹም ፊልሙ ያሳየውን የዴንማርክን የውስጥ ልዩነት ሳያይ «ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው» ብሎ ይደመድማል። ፍርድ ከመስጠት በፊት በየትኛው ቅጂ እንዳዩት መጻፍ ግድ ነው።

ጉዳዩን ወቅታዊ ያደረገው የዳግም ሥራው ነገር ነው። ኖርዌይ ከ1969 ጀምሮ፣ ስዊድን ከ1981 ጀምሮ የየራሳቸውን ቡድን ሠርተዋል፤ ኦስሎ ወይም ስቶክሆልም የሚኖር አማርኛ አንባቢ የሚያውቀው ምናልባት እነዚህን ነው። በኖርዌዩ ቅጂ የኢቮን ቦታ ቫልቦርግ ናት፤ ታላቋ ኮሜዲያን ኦድ ሾነማን ስለተጫወተችው ሚናው በተዋናይቷ ክብደት ብቻ ሰፋ። በስዊድኑ የመጀመሪያ ፊልም ከሦስቱ አንዱ ሮኪ ፊንላንዳዊ ነው፣ የተጫወተውም ፊንላንዳዊው ኒልስ ብራንት። በዚያ ዘመን የስዊድን ትልቁ ስደተኛ ማኅበረሰብ የፊንላንዶች ስለነበር፣ ዴንማርኮች ያላደረጉትን ስዊድኖች ያለ ምንም ማስታወቂያ አድርገውታል። የሚሠራና የሚሳሳት የቡድን አባል እንጂ የሚታይ ጌጥ አላደረጉትም።

በ2015 ስዊድኖች እንደገና ሞከሩ። በዳይሬክተር አላይን ዳርቦርግ ሥራ ሮኪ ሴት ሆነች (ሱዛን ቶርሰን)፣ የሌላውን የቡድኑን አባል የቫንሄደንን ሚና ደግሞ ቤተሰቡ ከኡጋንዳ የሆነው አሌክሳንደር ካሪም ያዘ። በሠንጠረዥ ከታየ ከዚያ በፊት ያልተደረገ እርምጃ ነው። ነገር ግን በዚያው ፊልም ኮሜዲው ወጥቶ ቁምነገረኛ የዝርፊያ ትሪለር ገባ። ሁሉም ብቃት ያላቸው፣ የማይስቁና የማይሳቅባቸው ባለሙያዎች ሆኑ። በ2020 ቶማስ አልፍሬድሰን ወደ ኮሜዲው ሲመለስ የመሪው ሲካንና የቫንሄደን ሚና እንደ ድሮው ለነጭ ወንድ ኮሜዲያን፣ ለሄንሪክ ዶርሲንና ለዳቪድ ሱንዲን ተሰጠ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የሚያየው ይህ ነው፦ ሌሎቹ እንዲገቡ የተፈቀደው ቀልዱ ሲወጣ ነበር፤ ቀልዱ ሲመለስ ወጡ። አዘጋጆቹ በዚህ ሐሳብ ተነሱ ማለታችን አይደለም። ውጤቱ ግን ይህ ነው፤ የውክልናውም ሥራ በዚህ ምክንያት ገና አልተጀመረም ብንል አላጋነንም። ጥቁር ወይም ሴት ገጸ ባሕርይን ከስህተት ነጻ አድርጎ ማስገባት አክብሮት ይመስላል፤ በዚህ የፊልም ዓይነት ግን ተመልካች የሚወደው የሚሳሳተውን ነው።

ከዚህ የተነሳ የድሮዎቹን ፊልሞች መቁረጥም ሆነ ረጅም ማስጠንቀቂያ መለጠፍ አንደግፍም። የሚያሳይ ሰው ከፊልሙ በፊት ሦስት ነገር ቢናገር ይበቃዋል፦ ፊልሙ የተሠራበትን ዓመት፣ በ1973 በሩ ሲዘጋ እነማን ገብተው እንደነበር፣ የ1976ቱን የእኩል ክፍያ ሕግ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከፊልሙ በኋላ የቲያትሩ ምድር ቤት ትዕይንትና የኬል ሳሎን ትዕይንት ተከታትለው እንደገና ቢታዩ ውይይቱ ራሱ ይነሳል። አዲስ የኦልሰን ቡድን ለመጻፍ የሚነሳ ካለ ደግሞ የተዋናዮቹን ዝርዝር ከማውጣቱ በፊት ኢቮን የምታወጣውን ዕቅድ ይጻፍ፤ ዕቃዎቹን፣ ሰዓቱን፣ የሚገባበትን በር፣ ከዚያም ዕቅዱ በእሷው ጠባይ ምክንያት የሚከሽፍበትን ቅጽበት።